ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ፖምፓውን ከማውረዳችሁ በፊት

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምንኖረው አርሲ፣ ደራ አጠገብ ነው። አባቴ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አላቸው፤ ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ነው። አምና ሰኔ ላይ አባቴ ሲታመሙ ሥራ ቆመ፤ ትራክተሩም ክረምቱን በሙሉ ውጭ ከረመ። አሁን ለእርሻ እናስነሳው ስንል እምቢ አለ። አዲስ ባትሪ ገዛን። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዞረዋል፤ ትንሽ ከሞከርን በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ አይወጣም። አንዱ ሜካኒክ ‹ፖምፓው ሞቷል፣ ይውረድና ይቀየር› አለን። ሌላው ‹በሌላ ትራክተር ጎትታችሁ አስነሱት› አለን። አባቴ ደግሞ ‹ተዉት፣ ይሸጥ› እያሉ ነው። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ለአባትህ ምሕረቱን ይላክላቸው። ትራክተሩን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ናፍጣውን በግፊት ወደ ኖዝሎቹ የሚልከውን ፖምፓውንም አታስወርዱ፣ ገመድ አስራችሁም አትጎትቱ። ይህን የምለው ትራክተሩን ሳላየው ነው፤ ግን አንተ አይተህልኛል። «ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ አይወጣም» ብለህ የጻፍካት ነገር ከሁለቱም ሜካኒኮች ምክር ትበልጣለች። እዚህ ናዝሬት ሆኜ የእርሻ መሣሪያ ሞተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የማይነሳ ናፍጣ ሞተር ዘንድ ስጠራ አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አደርግና እኔ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ዓይኔን አልነቅልም። ቁልፍና ካቻቢቴ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ የሳበውን አየር ከ16 እጥፍ በላይ ጨምቆ ያጠበዋል፤ አየር እንዲህ በድንገት ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቀዋል። በዚያ በጋለ አየር ላይ ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ ከወጣ፣ ናፍጣው ሲሊንደር ገብቷል ግን አልነደደም ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ዙሩ ፍጥነት፣ ወደ ጭመቃው ወይም ናፍጣው ወደሚረጭበት ሰዓት ይሄዳል። ጥቁር ጭስ ከወጣ ናፍጣ አለ፣ አየር አጥሮታል። ምንም ካልወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አልደረሰም። የእናንተ ይሄኛው ነው።

ናፍጣ አልደረሰም ማለት ግን ፖምፓው ሞተ ማለት አይደለም። ከታንኩ እስከ ኖዝሉ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቧንቧ፣ ቱቦ፣ ነዳጅ ሳቢዋ ትንሽ ፓምፕ፣ ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፖምፓው። ከመንገዱ ሁሉ በጣም ውዱ ፖምፓው ነው፤ በጣም ርካሹ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለው። ከርካሹ የማይጀምር ሰው የአባትህን ገንዘብ እየጠበቀላቸው አይደለም።

ስለ ጎተታው ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ናፍጣ የማይደርሰውን ሞተር ከደራ እስከ አሰላ ብትጎትቱት አይነሳም። የባሰም አለ። ትራክተሩ ክረምቱን ውጭ ነው የቆመው። ጭስ ማውጫው ሽቅብ የቆመና ክዳን የሌለው ከሆነ ዝናቡ ቁልቁል ይወርድና ቫልቮላው ክፍት የሆነበት ሲሊንደር ውስጥ ይተኛል። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ውሃው አላሳልፍ ይለዋል፣ ከኋላ ደግሞ የሚጎትተው ትራክተር ጉልበት ይገፋዋል፤ በመካከል የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ቢዬላው ነው። በዚህ ምክንያት የተበላሸ ሞተር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከመጎተቱ በፊት ሌላ ችግር አልነበረበትም። የእናንተ ሞተር ሳያንቅ መዞሩ ይህ አደጋ እንዳላገኛችሁ ያሳያል። ሌላ ሰው ይህን የሚያነብ ካለ ግን፣ ለወራት የቆመ ሞተር ላይ ሞተሪኖ ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን በፑሊው በኩል በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ አታስገድዱት፤ ኖዝሎቹን አውርዳችሁ ውሃው ይውጣ።

ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ አየር መሳቢያው ላይ መያዝ፣ ወይም ጨርቅ አቃጥሎ እሳቱን ማስሳብ የሚመክራችሁም አይጠፋም። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ቤንዚንና የማስነሻ ስፕሬይ ከአየሩ ጋር አብረው ስለሚገቡ ያለ ሰዓታቸው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየመጣ ሳለ ቁልቁል ይመቱታል። ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራሉ፣ ፒስተን ይሰነጥቃሉ። በዚህ ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ደግሞ ብርድ ሲሆን እንዲረዳ የተሠራ ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ማሞቂያ ሽቦ አለ። ሽቦው ግሎ ሳለ ስፕሬይ ከተነፋበት እሳቱ ወደ ውጭ ወደ ሰውየው ፊት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ትራክተሩ። በመጀመሪያ የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተህ እይ፣ አሽትተውም። ልኩ ከላይኛው ምልክት በላይ ከወጣና ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የነዳጅ ሳቢዋ ፓምፕ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሟ፣ ተቀድዳ ናፍጣው ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ያኔ ዘይቱ ሳይቀየር፣ ዲያፍራሟም ሳትተካ ሞተሩን አታዙሩት። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከነጣ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

ባትሪውን በአጭሩ። «ትንሽ ከሞከርን በኋላ እየደከመ ይሄዳል» ብለሃል። የገዛችሁት ስንት አምፔር ሰዓት ነው? ለቪትዝ የሚሆን ባትሪ ለዚህ ሞተር አይሆንም፤ ወደ 100 የሚጠጋ ይፈልጋል። ሞርሴቶዎቹን (ገመዶቹን ከባትሪው ጋር የሚያስሩትን) ፈትተህ እስኪያብረቀርቁ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቃቸው። የኔጋቲቩ ገመድ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰርበትን ቦታም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው ይህችኛዋን ይረሳል፣ ከቀለምና ከዝገት ላይ ያስራታል። መለኪያ ካላችሁ፣ ሙሉ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከ10 ቮልት ብዙ ከወረደ ባትሪው ወይ አልሞላም ወይ አይበቃም። በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አታዙሩ፤ ቢያንስ 1 ደቂቃ አሳርፉት። ሞተሪኖ በሙቀት ነው የሚሞተው፤ ሲሞት ደግሞ ሁለት ችግር ይሆንባችኋል።

ከዚህ በኋላ ጊዜህን ሁሉ ለናፍጣው መንገድ ስጠው። በ135 ላይ ታንኩ ከሞተሩ በላይ ስለተቀመጠ ናፍጣው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ ይህ ለአንተ ትልቅ እርዳታ ነው። ከታንኩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ክፍት መሆኗን አረጋግጥ። ከዚያ ወደ ነዳጅ ሳቢዋ ፓምፕ የሚገባውን ቱቦ ፍታና ከሥሩ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ደቅንበት። ናፍጣው እንደ እርሳስ ወፍሮ፣ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጥቂት ወርዶ ቢቀጥን «ይወርዳል» ብለህ አትለፈው፤ ጠርሙሱ እስኪሞላ ቁም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ወለንጪቲ አካባቢ እንዲህ እንደ እናንተው ትራክተር አልነሳ ብሎ ተጠርቼ ሄድኩ። ፖምፓው ከእኔ በፊት ወርዶ፣ ከተማ ሄዶ ተሠርቶ፣ ተመልሶ ተገጥሟል። ትራክተሩ ግን ያው ነው። ቱቦዋን ፈታሁና ጠርሙስ ደቀንኩ። መጀመሪያ በደንብ ወረደ፤ ሩብ ሊትር ያህል ሲሞላ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቱቦዋን ከፓምፑ ወደ ታንኩ አቅጣጫ በአፌ ስነፋባት ታንኩ ውስጥ ቡልቅ አለ፤ እንደገና ወፍሮ ወረደ፣ እንደገና ቀጠነ። ናፍጣውን በሙሉ ቀዳንና ታንኩን አወረድነው። ውስጡ መዳፍ የምታክል ጥቁር የፌስታል ቁራጭ ነበረች፤ ናፍጣ ጠጥታ እንደ ጎመን ቅጠል ለስልሳለች። ናፍጣው ሲወርድ አብራ ትሳብና ቀዳዳው ላይ ትለጠፋለች፤ ፍሰቱ ሲቆም ትላቀቃለች። የጄሪካን ክዳን እንዳያፈስ ፌስታል ጣል አድርጎ መዝጋት የሁላችንም ልማድ ነው፤ ከዚያ ነው የገባችው። ባለቤቱ ቁራጯን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ለፖምፓው ማሠሪያ በሬ ሸጠው ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ናፍጣው ሲፈስ በዓይኔ ሳላይ ፖምፓ አውርዱ ብዬ አላውቅም።

ጠርሙሱን አትድፋው። ክዳኑን ዘግተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠውና ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ብርሃን ይዘህ እየው። ናፍጣ ከውሃ ይቀልላል፤ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይተኛል፣ በመካከላቸው ያለው መስመርም ግልጥ ሆኖ ይታያል። ክረምቱን በጎደለ ታንክ የከረመ ትራክተር ውስጥ ውሃ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የታንኩ ግድግዳ ያልበዋል፣ ክዳኑም ጎማው ካረጀ ዝናብ ያስገባል። ውሃ ካየህ የታንኩን ናፍጣ በሙሉ ቅዳው። ዝገትና ጥቁር አተላ ካለውም ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። በዚህ ሞተር ላይ ያለው ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በራሱ ናፍጣ ነው። ስለዚህ ውሃ ያዝገዋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ያደርቀዋል። ርካሽ ናፍጣ አገኘሁ የሚል ሰው ከመጣላችሁ ይህን አስታውሱ።

ቀጥሎ ፊልትሮው። እንዲህ ለከረመ ትራክተር አሮጌውን አጥቤ ልመልስ አትበል፤ አዲስ ግዛ። አብዛኞቹ 135ዎች ላይ ያለው ሲኤቪ 296 የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአንድ ረጅም ብሎን ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ክዳኖች መካከል የሚታሰር። ስትገጥመው አንድ ነገር ተጠንቀቅ። አሮጌው የጎማ ቀለበት ብዙ ጊዜ ከላይኛው ክዳን ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከጥቁረቱ የተነሳ የክዳኑ አካል ይመስላል። በጥፍርህ ዳስሰህ አውጣው። በላዩ ላይ አዲሱን ከደረብክበት ፊልትሮው አይገጥምም፣ ያፈስሳል ወይም አየር ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ አየር ስታወጣ ብትውል አያልቅልህም።

ከፊልትሮው በፊት በማጥፊያው መጀመር ነበረብኝ፤ ለመፈተሽ ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድምና። ይህ ትራክተር የሚጠፋው በመሪው አጠገብ ባለው የሚጎተት ሽቦ ነው። ሽቦው ሲጎተት ፖምፓው ላይ ያለች ትንሽ ክንድ ትዞርና ናፍጣውን ትዘጋለች። አባትህ አምና ሰኔ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጠፉት ሽቦውን ጎትተዋል፤ ከዚያ ዝናብ ዘነበ፣ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ዛገ። ላይ ያለውን እጀታ ስትገፋው የተመለሰ ይመስላል፤ ታች ግን ክንዷ በተዘጋችበት ቀርታ ይሆናል። እጀታውን አትመን። ወደ ፖምፓው ጎንበስ በል፣ ሽቦውን ከክንዷ ላይ ፍታና ክንዷን በጣትህ አንቀሳቅሳት። ወዲያና ወዲህ በለስላሳ መሄድ አለባት። እንደዚህ ከቆመ ትራክተር ላይ ይህችን ክንድ ተዘግታ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሽቦውን ዘይት ቀብቼ ካላቀቅኩት በኋላ ሞተሩ ተነስቷል።

እዚህ ድረስ ንጹሕ ከሆነ የቀረው አየር ማውጣት ነው። ቱቦ ፈተሃል፣ ፊልትሮ ቀይረሃል፤ አየር ገብቷል። ፖምፓው ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት መግፋት ይችላል፤ አየር ከገባበት ግን አየሩ እየተጨመቀ እየላላ ይኖራል እንጂ ኖዝሉን አይከፍትም። ማርሹን ፎሌ (ባዶ) ላይ አድርግ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። ነዳጅ ሳቢዋ ፓምፕ ጎን ላይ በጣት የምትገፋ ትንሽ ምላስ አለች። ምላሷ ልል ሆና ምንም ካልገፋች ተበላሽታለች አትበል፤ ሞተሩ ሲቆም የሚገፋት ጥርስ ጫፉ ላይ ቆሞባት ይሆናል። ሞተሩን አንድ ዙር አዙረውና እንደገና ሞክራት።

በመጀመሪያ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የአየር መውጫ ብሎን ሁለት ዙር አላላት። ምላሷን እየገፋህ ጠብቅ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ። አረፋው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፣ ምላሷን እየገፋህ ሳለህ ብሎኗን እሰራት። ከዚያ ወደ ፖምፓው ሂድ፤ 3 ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የሚወጡበት ነው። ሁለት ትንንሽ የአየር መውጫ ብሎኖች አሉት፦ አንዷ የማጥፊያውና የነዳጅ መስጫው ክንዶች ባሉበት ክዳን ላይ፣ ሌላዋ ቱቦዎቹ በሚወጡበት ክፍል ጎን ላይ። የጎኗ ብሎን በአንድ ተለቅ ያለ ብሎን ራስ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ትልቁን በሌላ ቁልፍ ያዘውና ትንሿን ብቻ ፍታ። ትልቁ ፖምፓውን የሚያስር ነው፣ መነካት የለበትም። ሁለቱንም ትንንሾች አላልተህ ግፋ፤ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ መጀመሪያ የጎኗን፣ ቀጥሎ የክዳኗን እሰር። ምላሷን 50 ጊዜ 60 ጊዜ መግፋት ያስፈልግ ይሆናል። ጣትህ ይደክማል፤ ታናሽ ወንድም ካለህ ተለዋወጡ እንጂ አታቋርጠው።

ስለ ቁልፎቹ አንድ ነገር። የዚህ ሞተር ብሎኖች የኢንች ናቸው። የ13 ሚሊ ቁልፍ የግማሽ ኢንች ዳዶ ላይ ይገባል፣ ግን 0.3 ሚሊ ያህል ይሰፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞርበት ማዕዘኑን ይበላዋል። በአገራችን ያሉ የድሮ ማሲዎች ዳዶ ሁሉ ክብ የሆነው በዚህ ነው። የኢንች ቁልፍ ከጎረቤት ተዋስ።

አሁን የመጨረሻው ፈተና፣ የፖምፓው ዕጣ የሚታወቅበት። ኖዝሎቹ ላይ ቱቦዎቹ የታሰሩባቸውን ዳዶዎች፣ ቢያንስ ሁለቱን፣ አንድ ዙር አላላ። አትፍታቸው። የእጅ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ማጥፊያው ወደ ውስጥ መመለሱን አረጋግጥ፣ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። አንተ ራቅ ብለህ እይ። መጀመሪያ ትናንሽ አረፋ፣ ከዚያ ናፍጣ በየዙሩ ጠቅ ጠቅ እያለ መውጣት አለበት። እጅህን ግን በፍጹም አታስጠጋ፣ በጣትህም ለመድፈን አትሞክር። ከ150 ባር በላይ የሚገፋ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከላይ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፣ በሰዓታት ውስጥ ግን እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ ይናገር።

ናፍጣው ጠቅ ጠቅ ካለ ዳዶዎቹን እሰርና እንደገና አዙሩ። ሞተሩ ይነሳል፤ ባይነሳ እንኳ ጭስ ይወጣል። የዚህ ሞተር አቀጣጠል ተራ 1፣ 2፣ 3 ነው፤ በአንድ ሲሊንደር መንኳኳት ይጀምርና ሁለተኛው ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ሲገባ ድምፁ ይስተካከላል።

ሁሉንም አድርገህ፣ ናፍጣው እስከ ፖምፓው መግቢያ በደንብ እየመጣ፣ በ3ቱ ቱቦ ግን ምንም ካልወጣ፣ ያኔ የመጀመሪያው ሜካኒክ ስለ ፖምፓው ያለው እውነት ይሆናል። ያን ጊዜም «ሞቷል» የሚለው ቃል ይከብደኛል። በዚህ ዓይነት ፖምፓ ውስጥ የናፍጣውን መጠን የምትወስን ቀጭን ቫልቭ አለች፤ ረጅም ጊዜ ሲቆም ናፍጣው እንደ ሙጫ ይደርቅና ያጣብቃታል። ፖምፓው በንጹሕ ናፍጣ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት በእንጨት እጀታ ክዳኑን ቀስ ብለህ እያንኳኳህ፣ ሌላ ሰው የነዳጅ መስጫውን እየከፈተ እየዘጋ ሞተሪኖውን ያዙር። በመዶሻ አይሆንም። ብዙዋ በዚህ ትላቀቃለች። ይህም ካልሆነ ይውረድ፤ ከመውረዱ በፊት ግን ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለቱም አካል የሚያልፍ አንድ ጭረት በስለት አድርግበት፣ ሲመለስ ጭረቶቹ ካልገጠሙ ናፍጣው በሰዓቱ አይረጭም። ክፍት የቀሩ የቱቦ አፎችን በንጹሕ ፕላስቲክ እሰር፣ በጨርቅ አይሁን፤ የጨርቅ ክር ኖዝል ይደፍናል። ፖምፓ ሰሪው ዘንድ ስትደርስ «ቀይርልኝ» አትበል። «መፈተሻው ላይ እሰርና ምን እንደሚያወጣ አብረን እንይ» በል፤ ሲፈተሽም ቁም።

ነጭ ጭስ ወጥቶ አልነሳ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ናዝሬትና ደራ ሞቃት ስለሆኑ ብርዱን ብዙም አልጠረጥርም፣ ደጋ ላይ ላላችሁ ግን ማሞቂያውን 15፣ 20 ሴኮንድ ይዛችሁ ከዚያ አዙሩ። እሱም ካልረዳ ጭመቃው ይለካ። በደከመው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ጭመቃው ከጨመረ ፋሻው አልቋል፤ ካልጨመረ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

ቤላሩስ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚህ ናዝሬት ሲገጣጠም የነበረው፣ አካሄዱ ያው ነው፦ ጭሱን ማየት፣ ከታንኩ መጀመር። ልዩነቱ ፖምፓው ላይ ያለችው የእጅ መግፊያ በመጠምዘዝ የምትፈታና የምትታሰር መሆኗ ነው። አየሩን ካወጣችሁ በኋላ መልሳችሁ አጥብቃችሁ እሰሯት፤ ከላላች አየር ታስገባለች።

ለአባትህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። ይህ ሞተር በስሙ፣ ፐርኪንስ 3.152 በሚለው፣ ላይ ያለው 152 የሚለው ቁጥር በኪዩቢክ ኢንች ልኩ ነው፣ ወደ 2.5 ሊትር ይሆናል። 135 መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ አርሲም ከካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ጊዜ ጀምሮ ትራክተር የለመደ አገር ስለሆነ ዕቃውንም ሙያውንም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተር የለውም፣ አንዴ ከተነሳ ባትሪው ቢወርድለት እንኳ መሥራቱን አያቆምም። እንዲህ ያለ ሞተር በማይነሳበት ሰዓት ከሸጡት የሚከፈላቸው የብረት ዋጋ ነው። ገዢው ወስዶ ማጥፊያ ሽቦውን ያላቅቅና በሳምንቱ የጎረቤታችሁን መሬት ሲያርስበት ታያላችሁ።

ሲነሳላችሁ ወዲያው አታጥፉት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል በዝቅተኛ ዙር ይሥራ። የዘይት ግፊት መለኪያው መነሳቱን ተመልከት፣ የራዲያተሩን ውሃ እይ፣ በባትሪ መብራት እየዞርክ የፈታሃቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ እይ፤ የሚያልበው ካለ ጥቂት ጨምርበት፣ አታንቀው። እንደገና ከጠፋና ካልነሳ 3 ነገር ጻፍልኝ፦ ጠርሙሱ ስንት ሰዓት ቆይቶ ምን እንዳሳየ፣ የማጥፊያዋ ክንድ በጣትህ ስትነካት እንዴት እንደሆነች፣ ቱቦዎቹ ላይ ናፍጣ ጠቅ ማለቱንና አለማለቱን። የጭሱንም ቀለም አትርሳ።